ለቅሶ ቤት የገባ አስቂኝ መጽሐፍ

ጥር 14፣ ረቡዕ። ብቸና

ዛሬም መድኃኒት ክፍል ዋልኩ። በጥቁር ልብሴ ላይ ነጩን ጋውን ደርቤ። ሰዉ መድኃኒቱን ሲቀበል ፊቴን ያያል፤ እንባ ፍለጋ ይመስለኛል። የለም። ባሌን ሙሉቀንን ሞጣ ከቀበርኩ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። እናቱ እማማ የሺ እስከ አርባው አብረውኝ ሊቆዩ መጥተዋል። እሳቸውም ያዩኛል። የሰው አገር ሰው ስለሆነች ነው ብለው ለጎረቤት ማማታቸውን ሰምቻለሁ።

ማስታወሻዬ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ ልንገርሽ። ከሞጣ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ደብረ ወርቅ ላይ ስትወርድ ጭኔ ላይ ጣል አድርጋልኝ ሄደች። አላውቃትም። ሽፋኑ ውስጥ፦ አንብብ፣ የተሰማህን ጻፍ፣ ለማታውቀው ሰው ስጥ ይላል። አስቂኝ ልብ ወለድ። ለእኔ!

ጥር 15

አስቀድሜ ያነበብኩት የአንባቢዎቹን አስተያየት ነው። የመጨረሻዎቹን ባዶ ገጾች ሞልተዋቸዋል። አንድ የግንደወይን መምህር፦ ደራሲው ብሎኑ የላላ ነው። አንድ ቄስ በጾም መሳቃቸውን አምነው ስግደት ጨምረዋል። ኦፕራሲዮን የሆነ ሕመምተኛ ስፌቴ ሊፈታ ነበር ብሎ ተራግሟል። አንዱ ደግሞ ጭራሽ አልሳቀም፤ ሥራ ፈት ጽፎት ሥራ ፈት የሚያነበው ነው ይላል። ከሁሉም እሱን ወደድኩት።

ጥር 18፣ እሑድ

ጉድ ሆነ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ገለጥኩት። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰውዬ አውራ ዶሮውን ሽማግሌ ፊት ይከሳል። ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ ስለሚጮህ ጎረቤት በጊዜ ይነሳል፣ ባለቤቱ ያረፍዳል፤ ክሱ ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹ ዶሮውን ቃልህን ስጥ ይሉታል። ዶሮውን እንቅልፍ ይወስደዋል። እዚህ ላይ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ አልቆም አለኝ።

ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሰማ። ለቅሶ መሰላቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረት እየመቱ ገቡ። መጽሐፉን ትራስ ሥር ከተትኩ። እማማም ደረሱ። አቀፉኝ። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ለካ በሆድሽ ይዘሽው ነው አሉ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ትራሱን ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

ጥር 20

እማማ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ። ሲበሉ መጀመሪያ እኔን ያጎርሳሉ። ለመጣ ሁሉ እንዴት እንዳለቀስኩ ይተርካሉ። በልጃቸው ሞት ማታለል! ብናገር ይጠሉኛል፤ ዝም ብል ራሴን እጠላለሁ። ከሙሉቀን ወገን የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥር 21

በማርያም ዕለት መዋሸት አቃተኝ። ነገርኳቸው። መጽሐፉንም አሳየኋቸው። ጋቢያቸውን አጥፌ መለስኩ። ምሳ አልቀመሱም። ዕቃቸውን ሸከፉ። ነገ ወደ ሞጣ።

ጥር 22፣ ጠዋት

ሚኒባሱ አመለጣቸው፤ ወይ ሆን ብለው አስመለጡት። መደቡ ላይ ተቀመጡና፣ «እስቲ ምኑ ነው ያሳቀሽ?» አሉኝ። የዶሮውን ክስ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። በእኔ አፍ ምኑም አያስቅም። አልሳቁም። «ሙሉቀን ቢሰማው እኮ ከወንበሩ ይወድቅ ነበር» አሉ።

እውነት ነው። ይወድቅ ነበር። ከዚያ እንባውን እየጠረገ፣ እንደገና ንገሪኝ ይለኝ ነበር። አሁን ማን ይለኛል? ማን—

እንባዬ መጣ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ጮኼ አለቀስኩ። እማማ አንድ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ እንዳደረጉ በሌላው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። ጎረቤት ሲያንኳኳ፣ «ተዉን፣ ደኅና ነን» ብለው መለሱ።