ሁለተኛ እስኪሉኝ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? እማዬስ እንዴት አለች፣ አዲሱ መድኃኒት ለዓይኗ ተስማማት ወይ? ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ስትስቅ ትን የሚላት ትንሿስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ማለት ግን ይከብደኛል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታየዋለህ። ለእማዬ ከማንበብህ በፊት ብቻህን ጨርሰው።

ቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛ ቋንቋ እማራለሁ። ክፍሉ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው፤ ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ሰሞኑን አስተማሪያችን ኦፈር የምትለዋን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈና በየቀኑ የምትሰሟት ናት፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁባት ኑ አለን። እውነቱን ነው፣ ቃሏ የማትገባበት የለም። ሱቁ ሸሚዝ ሲያረክስ ኦፈር ብሎ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። እንቅጠርህ የሚል ወረቀት ኦፈር ነው፤ ቤት ገዢው ይህን ያህል ልክፈል ሲልም ኦፈር። አውቶቡስ ውስጥ ለሽማግሌ ወንበሩን ልልቀቅ ያለም፣ ለአምላኩ ጸሎት የሚያቀርብም በዚያችው ቃል ነው የሚነገርለት። እኛ ለየአንዱ የየራሱ ቃል አለን፤ እነሱ በአንድ ቁልፍ ሁሉን በር ይከፍታሉ። አስተማሪው ግን ደጋግሞ ያሳሰበን ነገር አለ። ሰውየው አንዴ ያቀርብልሃል፣ እሺ ወይም እምቢ ትላለህ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ አለን። ሌሎቹ ይህን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አባዬ እንዴት እንዳሳደገን ታስታውሳለህ። ሰው ቤት ብሉ ሲሉን አይ በልተናል፣ ሲደግሙን ኧረ ጠግበናል፤ በሞቴ ከተባልን በኋላ ነው እጃችን የሚዘረጋው። አንተ አንዴ ጎረቤት ቤት ገና በመጀመሪያው ብላ ስትጎርስ፣ በልቶ የማያውቅ ልጅ አለው አሰኘኸኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፎህ ነበር። እኔ በአንተ ተምሬ ጨዋ ወጣኋ። ያ ጨዋነት ያደረገኝን ነው ዛሬ የምነግርህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አባዬ ታመመ ብለህ የደወልክ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆስፒታል አንሶላ የምናጥብበትን ቤት ነግሬሃለሁ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ እኔ ሁለቱን ጫፍ፣ ባልደረባዬ ሁለቱን ይዘን እንወጥረዋለን፣ ከዚያ ትጠጋኝና የያዘችውን ታቀብለኛለች። ያን ዕለት የምታቀብለኝ ሁሉ ከእጄ እየወደቀ አስቸገርኳት። አለቃችን አየችኝ። ባለፈችበት ሁሉ ሠራተኛው ቀጥ ስለሚል ካውያ ነው የምንላት። በመስታወት ወደተከለለችው ቢሮዋ ጠራችኝና ነገሩን ነገርኳት። ከዚያ የሁለት ሳምንት ፈቃድ እሰጥሻለሁ፣ ትኬትሽንም ድርጅቱ ይችልልሻል፣ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ።

አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አላስቸግራችሁም አልኳት። ልቤ በሮ አገር ቤት ገብቷል፣ አፌ ግን የለመደውን አለ። ሁለተኛ እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅኩ። እሷ እንደፈለግሽ ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተመልሼ እፈልጋለሁ ማለት ሞት ሆነብኝ። ምናልባት ስታየኝ ትደግመው ይሆናል እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ በበሯ ባዶ ጋሪ እየገፋሁ ተመላለስኩ። አንዴ ቀና ብላ ጋሪው ይጮኻል፣ ዘይት ይቀባ አለችኝ። በአራተኛው ቀን አባዬ አረፈ ብለህ ደወልክ።

ለእናንተ ፈቃድ ከለከሉኝ አልኳችሁ። ውሸቴን ነው ወንድም ጋሼ። እማዬ ለዚያች ሴትዮ የእጇን ይስጣት ብላ ስታለቅስ በስልክ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ካውያ አልበደለችኝም፤ የተሰጠኝን የመለስኩት እኔ ነኝ።

ይህም ሆኖ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደለም። ካውያ የጠራችኝ ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ለአባዬ ደውዬ ልምጣ ወይ ብዬው ነበር። ድምፁ በግድ ነው የሚወጣው። አይ ልጄ፣ ምን ያደክምሻል፣ ሥራሽን ያዢ፣ እኔ ደህና ነኝ አለኝ። እሺ አባዬ ብዬ ዘጋሁት። እንዲያውም፣ አልዋሽህም፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ባለፈው ደብዳቤህ ግን አባዬ ሊያርፍ ሰሞን ጢሙን አስላጭቶ፣ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብሎ እንደነበር ጻፍክልኝ። ለምን እንደሆነ አልገባንም ብለሃል። እኔ ገብቶኛል። ሁለተኛ እስክለው እየጠበቀ ነበር። ደንቡን ያስተማረኝን ሰው እንደ ባዕድ አንዴ ጠይቄ ተውኩት።

አምስቱን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ወሰድኩ። የመጨረሻዋ፣ አባቴ ሲታመም ልምጣ ብዬ ኦፈር አደረግኩለት፣ እሱም እምቢ አለ የምትል ናት። አስተማሪው በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ብሎ አለፋት።

ማክሰኞ ዕለት ሳልጠራ ካውያ ቢሮ ገባሁ። ማንም ሳይሰጠኝ በአፌ ስጪኝ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ትኬቱ የያኔው ቀርቷል አለችኝ፤ የአንድ ወር ፈቃድ ግን ፈረመችልኝ። ልወጣ ስል፣ ያኔ ለምን እምቢ እንዳልኩ ጠየቀችኝ። በምን ቋንቋ ላስረዳት?

ሚስትህን ሳምልኝ፣ በአባዬ ሕመም ጊዜ ስለደከመችው ውለታዋን ፈጣሪ ይክፈላት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ ትንሿን ግን አታስቃት፣ ትን እንዳይላት። ውሸቴን ለእማዬ አንተው ንገራት፤ ሴትዮዋንም መርገሟን ትተው። እማዬ፣ አትምጣ፣ ምን ያደክማታል፣ እኔ ሐዘኑን ለምጄዋለሁ ብላለች ብለህ ጽፈህልኛል።

አልሰማችሽም፣ መንገድ ጀምራለች በላት።

ታናሽ እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን