ወይዘሮ ክላክስ ወይዘሪት ስትሆን

ይድረስ ለእትዬ፣

ገና «እትዬ» ብዬ ስጽፍ ፊትሽ ድቅን አለብኝ። እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆመሽ የምትውይበት ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው ስትዪኝ ሳስብልሽ ከረምኩ፤ ቢያንስ የጎማ ጫማ ሰጡሽ? ጋሼስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ትልቋ ልጅሽ አሁንም ስትናደድ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች? ትንሹስ ጥርሱ በቀለ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሠርተን እንገባለን፣ በልተን እናድራለን ማለቴ ነው። የሆዴን በስልክ እንዳላጫውትሽ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ጆሯቸው ደግሞ የሚሰማው እንዳይሰሙ በተፈለገበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

ነገሩ የወይዘሮ ክላክስ ጉዳይ ነው። ለልጆቹ እንደምታነቢላቸው ስለማውቅ እነሱም እንዲገባቸው ከሥሩ ልጀምር። እማዬ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ፣ አባባም በዚያው አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ፣ የኋላ ክፍላችንን የተከራየው ሠዓሊ ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ጋር ይሳፈር ነበር። ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሲሞነጫጭር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እማዬ መጽሔት ላይ ወጣች፤ አፍንጫዋ ረዝሞ፣ ክንዷ እንደ ትግል ሻምፒዮን ተነፍቶ፣ መንገድ የዘጋባትን ሁሉ በመኪና ጡሩምባ ስታስደነብር። የካርቱኑም ስም «ወይዘሮ ክላክስ»። እንዴት እንደተቆጣች ስታጫውተን ትዝ ይልሻል? «አፍንጫዬን ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጎተተው!» ብላ ስንት ቀን ሰላምታ ነሳችው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አባባም የቲኬት ቦርሳቸውን አንግተው ብቅ አሉ፤ «አቶ መልስ» ተብለው። ተሳፋሪ ድፍን ብር ሲሰጣቸው «መልስ የለኝም»፣ ወይዘሮ ክላክስ ለምን አረፈድክ ስትላቸውም «መልስ የለኝም»። አገር ምድሩ ሳቀ። እማዬም ስትስቅ ተያዘችና ከሠዓሊው ጋር ታረቁ።

ካርቱኑ እንዲህ እንዲህ እያለ ከእኛ ጋር አብሮ ኖረ። አንቺና እኔ ስንወለድ እዚያም ልጆች ተወለዱ፤ እማዬ ወፈር ስትል ወይዘሮ ክላክስም ወፈረች። አንቺ የሄድሽ ሰሞን ወይዘሮ ክላክስ ልጇን ሸኝታ ባዶ አውቶቡስ ስትነዳ የወጣውን ቁራጭ ቦርሳሽ ውስጥ ከትተሽው ሄደሻል። እማዬ ስታርፍ ሠዓሊው አባባ ዘንድ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «እኔም ልተወው እንዴ?» አላቸው። «ለምን ብለህ? እሷ ፈረቃዋን መች ጨረሰች» አሉት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሔቱን ይዘው ብቻቸውን ይጣላሉ፤ «እንዲህ አላለችም፣ እዚህ ላይ ዝም ነው የምትለው» እያሉ። እኔም ሚስታቸውን በሳምንት አንዴ ያገኛሉ ብዬ ትቻቸው ነበር።

ሠዓሊው ባለፈው ዓመት ማረፉን ነግሬሻለሁ። የወንድሙ ልጆች መብቱን ለአንድ አሳታሚ ሰጡ። ከጥቂት ወራት ዝምታ በኋላ ታሪኩ እንደገና፣ ከሀ ተጀምሮ፣ በአዲስ ሠዓሊ ይመጣል ተባለ። መጣም። አዲሱ ስሙ «ወይዘሪት ክላክስ» ነው። እትዬ፣ አንዲት ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ ናት። በሙያዬ ልመስክርና አቆራረጡ ያምራል። አፍንጫዋ ልክ ነው። አውቶቡሷ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ድምፅ የሌለው ነው። ተሳፋሪው በር ላይ ካርዱን ነካ አድርጎ ይገባል። ቲኬት የለም፤ ቦርሳ የለም፤ አቶ መልስ የሚባል ሰው የለም። ጋብቻው፣ ልጆቹ፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዳልነበረ ሆነ።

የፀጉር ቤቴን አቀማመጥ ታውቂዋለሽ፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ወንዶቹን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤቴ ሴቶቹን እንሠራለን። የመጀመሪያው ዕትም የወጣ ቀን መጋረጃው ድንበር ሆነ። አንዱ የታክሲ ሹፌር ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቼለት ሳለሁ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በዚች ሴትዮ ፍቅር ነው! ይቺ ደግሞ የማን ሞዴል ናት?» ብሎ ጮኸ። ከማዶ የፋርማሲዋ ልጅ ፀጉሯ በጥቅልል እንደተሞላ መጋረጃውን ገልጣ፣ «እናንተ የምትፈልጓት ወጥ እየሠራች የምትነዳዋን ነው! ይቺ ራሷን ችላ ትነዳለች፤ ምን አንገበገባችሁ?» አለችው። ይሄኔ ወንዱ ሁሉ በአንድ በኩል፣ ሴቱ ሁሉ በሌላ በኩል ሊሆን ነው ስል፣ መካኒኩ ጎረቤታችን ቀስ ብሎ፣ «እኔስ ወድጄዋለሁ፤ ሠዓሊዋ የሞተሩን ክፍል እንዴት አድርጋ እንደሣለችው አይታችኋል?» አለ። ከማዶ ደግሞ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውን ያስለቀሳቸው ጡሩምባው ነው፤ አዲሷ ልጅ እስካሁን አንዴም አልነፋችም።

የኔ ቤትም ያው ነው። ባለቤቴ ማታ ራት ስናነሣ፣ «እኔ እናትህን ሳውቃት አርጅታ ነበር። እንዲህ ቀልጠፍ ብላ ሳያት ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ።  እውነቱን ልንገርሽና እኔም አንዱ ቦታ ላይ ስቄያለሁ። የሳቅኩት ጀርባዬን ለአባባ ሰጥቼ ነው።

አባባ ያን ቀን በጥጋቸው ተቀምጠው መጽሔቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን ጠረጉና እንደገና ከመጀመሪያው ገለጡት። ሁሉም አፋቸውን እየጠበቀ ነበር። «እኔ ገና አልተሳፈርኩም ማለት ነው» አሉ። ቀልድ መሰለኝ። በተከታዩ ሳምንት ግን እያንዳንዱን ተሳፋሪ ጣታቸውን እያስኬዱ ፈተሹ። «ይኼኛው ረጅም ነው። ይኼም አይደለም።» በሦስተኛውም እንዲሁ። ፌርማታ ላይ እንደቆመ ሰው ሆኑ እትዬ፤ አይነጫነጩ፣ አያማርሩ፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። «አባባ፣ የለም እኮ፣ አውጥተውታል» ልል አስብና መቀሴን አነሣለሁ።

በዚህ መሐል የታክሲው ሹፌር አቶ መልስ በሕይወት እንዳሉ፣ እኔ ጋ እንደሚውሉ ለስልክ ጓደኞቹ አወራ። የአሮጌው ካርቱን ወዳጆች በቡድን መጡ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ አባባን ሲያዩ እጃቸውን ሳሙ። አባባን መሐል አስቀምጠው በስልክ ቀረጿቸው። «አባባ፣ ይቺን ሲያዩ ምን ተሰማዎት? ይናገሩ፣ ይስሙ!» አሏቸው። አባባ ሥዕሉን አራቅ አድርገው አዩና፣ «መሪ አያያዟ ልክ አይደለም፤ የኔዋ በአንድ እጇ ነበር። ግን ቆንጆ ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዋ አላውቃትም ነበር፤ ጊዜ እንስጣት» አሉ። በቃ ይህን ነው ያሉት።

የሆነውን ብታዪ! የቀድሞዎቹ «መሪ አያያዟ ልክ አይደለም» የሚለውን ብቻ ቆርጠው ለቀቁት። የአዲሷ ወዳጆች ደግሞ «ቆንጆ ናት፣ ጊዜ እንስጣት» የሚለውን ቆርጠው ለቀቁት። ከዚያ አንዱ ወገን «ሽማግሌው ተገዝተዋል» አለ፤ ሌላው ወገን «ይኼ ያረጀ ሰውዬ ስለ ሴት መሪ አያያዝ ምን አገባው» አለ። የማያውቋቸው ሰዎች አባባን እንዲህ ሲሞልጯቸው ቁጭ ብዬ አነበብኩ። መልስ ጻፍኩ፤ እኔንም ሰደቡኝ። አጥፉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላ ሦስት ቦታ ይገኛል። ሹፌሩም ተጸጽቶ መጣ፤ ግን እሱስ ምን ያደርጋል? ከእጁ ወጥቷል። አባባ ስልክ ስለማይነኩ አላዩትም ብዬ ተጽናናሁ። መስማታቸውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ከመጋረጃው ማዶ ሁለት ደንበኞች ከፍ አድርገው ሲያነቡት እሳቸው ከወዲህ ሆነው ይሰሙ ነበር።

ይኼኔ አልቻልኩም። ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ አሳታሚው ዘንድ ሄድኩ። መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ነው፤ በየግድግዳው ወይዘሪት ክላክስ ተለጥፋለች፤ ካሮጌዋ አንዲት እንኳ የለችም። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ውሃ አስመጣልኝ፤ «አባትዎን እናከብራለን» አለኝ ደጋግሞ። ሕዝቡ ተከፋፍሎ እንደሚሰዳደብ ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «አንባቢ ሲጣላ ጥሩ ነው፤ እኛ የምንፈራው ዝም ሲል ነው» አለኝ። አቶ መልስን መልሱት አልኩት። «ዛሬ ቲኬት ቆራጭ ያለበት አውቶቡስ የት አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የለም።

ደረጃውን ስወርድ አንዲት ልጅ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ጣቷ በቀለም የተነከረ፣ ዓይኗ ያበጠ። ሠዓሊዋ እሷ ናት። ጠላቴ ናት ብዬ ስንት ሌሊት የተብሰለሰልኩባት ልጅ ካንቺ ትልቋ ልጅ ብዙም አትበልጥም። «እኔ እኮ ሥዕል የለመድኩት አቶ መልስን ስገለብጥ ነው» አለችኝ። ታሪኩን የሚወስኑት ከላይ ናቸው፤ እሷ የታዘዘችውን ትሥላለች፤ ስድቡን ግን ስሟ ስላለበት እሷ ትቀበላለች። «እናትዎን እንዲህ አድርጌ በመሣሌ ተቀየሙኝ እንዴ» እንደሚል ሰው ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ላጽናናት ሄጄ እንደሆነ ሁሉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አረፍን። በመጨረሻ፣ «ቲኬት ቆራጭ ማድረግ አልችልም፤ ግን ተሳፋሪ አድርጌ አንድ ቦታ ላስገባቸው። ማንም ልብ አይልም» አለች። እጇን ይዤ አመሰገንኳት። ያን ቀን እየተንሳፈፍኩ ነው የተመለስኩት።

ቃሏን ጠበቀች። ባለፈው ቅዳሜ በወጣው ውስጥ አንድ ወጣት፣ ቦርሳ ያነገተ፣ ያ የአባባ ጎባጣ ትከሻ ያለው፣ ፌርማታ ላይ ቆሟል። አባባ ጣታቸውን ሲያስኬዱ እኔ የደንበኛዬን ፀጉር ትቼ እሳቸውን አያለሁ። ደረሱበት። ጣታቸው ቆመ። «ይኸውና!» አልኳቸው፤ አላስቻለኝም። ብዙ አዩት። ሥዕሉ ላይ አውቶቡሱ አልፎ ይሄዳል፤ ልጅቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋለች፤ ሹፌር ሌላ ወዴት ያያል? አባባ መጽሔቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ሳታየኝ አለፈች» አሉ።

እትዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ታይዎታለች ልላቸው ፈለግሁ፤ እንደማታይ አውቃለሁ። ደግሞም ያን አንዱን ሥዕል ሰው ልብ አለው። የቀድሞዎቹ «አሸነፍን፣ ተንበረከኩ» አሉ፤ አዲሶቹ «ሽማግሌዎቹን ለመደለል ነው» ብለው ነደዱ። ልጅቱም ተገሠጸች፤ ሁለተኛ እንዳትደግመው ብለዋታል። እኔው ጎትቻት ነው ለዚህ የዳረግኳት።

ትናንት ከሰዓት ደንበኛ ጭር ሲል አባባ ከጥጋቸው ተነሥተው ወንበሬ ላይ ወጡ። ፂማቸውን የምላጫቸው መስሎኝ ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰርኩ። «አጥቁርልኝ» አሉኝ። ምኑን? «ራሴን ነዋ። እሷ ገና ልጅ ናት። በዚህ ሽበት ፌርማታ ላይ ብታየኝ የሰው አባት ነው ብላ ታልፈኛለች።» በመስታወቱ ዓይናቸውን ፈለግሁ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ ቢጤ ያየሁ መሰለኝና ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ባለቤቴ መጋረጃውን ገልጣ አየችን፤ ተመልሳ የቀለሙን ሳህን አመጣችልኝ። በጠበጥኩት። ሌላ ላደርግላቸው የምችለው ነገር ቢኖር ባደረግሁ ነበር። ከጆሮ ግንዳቸው ጀምሬ ቀባሁ፤ አጠብኩ፣ አበጠርኩ፤ በትንሹ መስታወት ከኋላቸውም አሳየኋቸው። ግራና ቀኝ ዞር ዞር ብለው ራሳቸውን አዩና፣ «አሁንስ ትለየኛለች» አሉ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስትደውዪ ምስላቸውን ስታዪ እንዳትደነግጪ። ለምን ብለሽም አትጠይቂያቸው፤ አማረብዎት በያቸው። ጋሼን አጥብቀሽ ሰላም በዪልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይሉት። ትልቋን ሳሚልኝ፤ በሯን ከፈት ታድርግ። ትንሹንም በሁለቱም ጉንጩ። ባለቤቴ እንደ ራሷ እህት ትናፍቅሻለች፤ ለወገብሽ ትራስ ከኋላሽ አድርጊ ብላሻለች። አባባ ይህን ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሊያዩ ሲሞክሩ ሸፈንኩባቸው። «ደህና ነው በላት፤ ቅዳሜን እየጠበቀ ነው በላት» ብለዋል።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመጋረጃው ወዲህ
ኅዳር ፲፬ ቀን