አንቺስ ወደ ማን ትጸልያለሽ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ለሆቴሉ የምሰፋው መጋረጃ አላለቀም። ማሽኑ ክር ሲበጥስ ዋለ። ወገቤማ... ይቅር።

ራት ላይ ደግሞ ያው ጉድ። እማዬ እንደ ልማዷ "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ማዕዳችንን ባርክ" አለች። አሜን አልን። ወንድሜ ዝም። ዳቦውን ያያል። ባሌ ማንኪያውን ቁጭ አደረገ። በቃ፣ ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው አልኩ በሆዴ።

"አሜን ለማለት ይከፈልበታል እንዴ?" አለው።

"ወደ አብ ቢሆን እል ነበር።"

ተጀመረ! ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ኢየሱስ የተላከ እንጂ አምላክ አይደለም፣ ስግደት ለአብ ብቻ ነው ይላል። ባሌ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። እግዚአብሔርንም ካርታ ላይ በጣቱ የሚያሳይ ይመስለዋል።

"ኢየሱስ ጌቴሴማኒ ላይ ወደ ማን ነበር የሚጸልየው? ወደ ራሱ?" አለ ወንድሜ።

"ታዲያ ሲሰግዱለት ለምን ዝም አለ? መልአክ እንኳ ሲሰግዱለት ተነሱ፣ ለእግዚአብሔር ስገዱ ይላል!"

ሾርባው ቀዘቀዘ። አሞቅሁት። እንደገና ቀዘቀዘ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
እማዬ የልብ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጣት። በሚመጣው ሳምንት፣ ሐሙስ። ሐኪሟ ምንም አልሸፋፈነችም፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ላትነቃ ትችላለች አለችን።

እማዬ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ከመግባቴ በፊት ሦስታችሁም ትጸልዩልኛላችሁ። አብራችሁ።"

አብራችሁ! ቀላል ነገር መሰላት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ወንድሜ የልብስ ስፌት ሱቄ መጣ። ባሌ እንደሌለ ሲያውቅ ነው የሚመጣው። ሻይ ጠጣን። እኔ ጋ ይቀለዋል፣ አልሞግተውም።

"እማዬን ማስቀየም አልፈልግም" አለ። "ግን ያላመንኩትን እንዴት አፌ ላይ ላድርግ? እግዚአብሔርን መዋሸት ነው እኮ፣ እታለም።"

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከድሮ የጸሎት ጓደኞቹ አንድም የሚደውልለት የለም። "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ። አንቺስ ወደ ማን ትጸልያለሽ?"

"እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ" አልኩት። ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ምን ብዬ ልመልስ? ከልጅነቴ ጀምሮ አሜን ስል ኖርኩ እንጂ መች አስቤበት አውቃለሁ? ባሌ ሲናገር ልክ ነው። ወንድሜ ሲናገር ልክ ነው። እንዴት ያናድዳል!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ። ባሌ ጸሎቱ "ኢየሱስ ሆይ" ተብሎ ካልተጀመረ አለ። ወንድሜ ደግሞ "አባታችን ሆይ" ተብሎ ይጀመር፣ "በኢየሱስ ስም" ተብሎ ይለቅ፣ እኔም አሜን እላለሁ አለ።

"ያ ማምለጫ ነው።"

"ኢየሱስ ራሱ ያስተማረው እኮ ነው!"

የቤት ሽያጭ ውል ይመስል። የሚያሳስባቸው የእማዬ ልብ ነው ወይስ ማሸነፍ? ራሴን አመመኝ። ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ጠዋት ሆስፒታል ደረስን። እማዬ ስትሬቸር ላይ ተጋድማለች፣ ፀጉሯ በአረንጓዴ ቆብ ተሸፍኗል። እጇን ዘረጋችልን። "በሉ እንግዲህ።"

ባሌ "ጌታ ኢየሱስ..." ብሎ ጀመረ።

"ተስማምተን አልነበረም እንዴ?" አለ ወንድሜ።

"እኔ አልተስማማሁም።"

"ጋሼ፣ ስለ እሷ ስትል..."

"ስለ እሷ ስል ነዋ!"

እንዳትሰማቸው ብዬ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ገፋኋቸው። "ባካችሁ! አንዴ እንኳን!" እያልኩ እኔው ከሁለቱም ብሼ እጮሃለሁ። ዞር ስል ስትሬቸሩ የለም።

የለም! "ሐኪሞቹ እናንተ እስክትጨርሱ አይጠብቁም" አለች ነርሷ። ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። እንዴት እንጸልይ ብለን ስንጨቃጨቅ ሳንጸልይላት አስገቧት። ይህን የሚያደርግ የኛ ቤት ሰው ብቻ ነው!

በሩ ሥር ተንበረከክሁ። ወለሉ በረኪና በረኪና ይላል። የማንም ክርክር ትዝ አላለኝም። "ኢየሱስ፣ አምላኬ፣ አንተ ያዛት" አልኩ። ደጋግሜ። ግንባሬ መሬት ነክቶ። ለአብ ንገርልኝ አላልኩም፣ እሱን ራሱን ነው የለመንኩት። ቀና ስል ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ሰምቶኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ነቃች! ተመስገን... መጀመሪያ ያለችው፦ "ተጣላችሁ፣ አይደል?"

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
እማዬ ቅዳሜ ቤት ገባች። ትራሱ አልተመቸኝም ብላ መነጫነጭ ጀምራለች፤ ድናለች ማለት ነው።

ዛሬ ወንድሜ ሱቅ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፣ አልተቀመጠም።

"ያን ቀን ያልሽው... ደንግጠሽ ነው አይደል?"

አዎ ብል ያልፍ ነበር። ፊቱም አዎ በይኝ ይላል። ግን ያላመነውን አልልም ብሎ ብቻውን የቀረ ሰው... እሱን እንዴት ልዋሸው?

"ደንግጬ ነበር" አልኩት። "ያልኩት ግን የማምነውን ነው። አምላኬ ነው፣ እሰግድለታለሁ።"

"ስለዳነች ነው።"

"ያኔ መዳኗን አላወቅኩም እኮ።"

ጥቅስ ልጥቀስለት ብል አንድም አልመጣልኝም። "አንቺም?" አለ በመጨረሻ። ሻዩን ሳይነካው ወጣ። ጠራሁት፣ አልዞረም።

ለባሌ ነገርኩት። "ይኸው! አላልኩም?" ብሎ ጮቤ ረገጠ። ወንድሜ እንዴት ሆኖ እንደወጣ አልጠየቀኝም። ዝም በል ብዬ ጮህኩበት።

ነገ እደውልለታለሁ። ባያነሳም እደውላለሁ። ማምሻውን ተንበርክኬ ስለ እሱ ጸለይኩ። ወደ ማን እንደጸለይኩ ቢያውቅ ይናደዳል። ይናደድ።