ለባቡር የተከለለ ቦታ

ሚያዝያ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቢቸና

ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ
የቢቸና–ሞጣ መስመር የልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልመጣው ባቡር ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት የቦታ ደብዳቤ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለደም ግፊትዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም በየስብሰባው ለሚደክመው ጉሮሮዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከቢሮዎ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቼ የምሠራው የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ቢያድግልኝ ሰማው፣ በርዎን አንኳኩቼ ልነግርዎ የሚገባኝን ነገር በአደባባይ በመጻፌ አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በርዎንስ ሰባት ጊዜ አንኳኩቻለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ካወጡት ማሳሰቢያ ጎን ለጥፌዋለሁ።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመነሻው ልጀምር። ባለፈው ክረምት በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከተማ እየቆረቆሩ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጉበት አንድ ጨዋታ ጫንኩ። የተጫወትኩት በሥራ ሰዓት ነው፤ መብራት በመጣ ቁጥር። ኮረብታማ አገር መረጥኩና ከተማዋን ቢቸና፣ ከማዶ ያለችውን ሞጣ ብዬ ሰየምኳቸው። የጨዋታው ባቡር ዳገት አይወድም፤ አቀበቱ ትንሽ ከበረታበት መሀል ላይ ቀጥ ይልና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። ስለዚህ ሐዲዱን በየኮረብታው ወገብ እያዞርኩ፣ አንዱ ጋ ድልድይ፣ ሌላው ጋ ዋሻ እያበጀሁ ሦስት ወር ሙሉ ለፋሁ። የዓባይን በረሃ ማስገባት ቢያቅተኝ ውኃ ሞላሁበት። ለሦስተኛው ጣቢያ ደልዳላ ቦታ ስፈልግ የተገኘው አንድ ሜዳ ብቻ ስለነበር፣ እንደ ዘበት ግራር አፋፍ አልኩት፤ ከቢቸና ወጣ ብላ ያለች፣ ከልጅነቴ የማውቃት መንደር ናት።

መስከረም ላይ እርስዎ ከበላይ የመጡ እንግዶችን አስከትለው ሳይታሰብ ገቡ። ስክሪኑን ለመዝጋት ጊዜ አላገኘሁም። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ጨዋታ ነው ማለት አሳፍሮኝ፣ ረቂቅ ዕቅድ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ከእነዚህ ቃላት የተወለደ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በእርስዎ ላይ የምዘረዝረውን ቅሬታ ሲያነቡ ይህን እንዲያስታውሱልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። የሽንት ቤታችን በር እንዲጠገን የጻፍነው ማመልከቻ ሁለት ዓመት በጥናት ላይ በቆየበት መሥሪያ ቤት፣ የእኔ ጨዋታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጸድቆ፣ በትልቅ ባነር ታትሞ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዓባይ በኩል ያለው ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ መስኖ ነው አልኩ፤ እርስዎም በንግግርዎ ውስጥ አስገቡት። በባነሩ ጥግ ላይ ጨዋታው ራሱ በእንግሊዝኛ የጻፋት አንዲት ማስጠንቀቂያ ነበረች፤ ባቡር ቁጥር አራት መንገድ ጠፍቶበታል የምትል። ተርጉምልኝ ሲሉኝ፣ ባቡር ቁጥር አራት በጥናት ላይ ነው ማለቷ ነው አልኩዎ። እርስዎም ራስዎን በእርካታ ነቀነቁ።

ሁለተኛ፤ ሕዝቡን ለማወያየት ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። ኅዳር ላይ በግራር አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሕዝቡን ሰብስበው፣ መንግሥት ባቡር ሊያስገባላችሁ ነው፣ ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ተነሥተው፣ ባቡሩ ጤፍም ይቀበላል ወይስ በቆሎና ስንዴ ብቻ ነው ብለው ጠየቁ፤ እርስዎም የመጣውን እህል ሁሉ በኩንታል ሳይሆን በቶን ይቀበላል ብለው መለሱ። ባላቸው ከሞቱ አሥር ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ደግሞ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወረፋ ይበዛበት ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ፤ በየሃያ ደቂቃው ስለሚመላለስ ወረፋ የሚባል ነገር አይኖርም አሏቸው። እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ባቡር ሰምተው አያውቁማ።

እርስዎ ያደጉት ባቡር በሐዲድ ላይ በሚሄድበት ከተማ ስለሆነ አይፈረድብዎትም። በእኛ ገጠር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ሞተሩ ዱክ ዱክ ስለሚል አባቶቻችን ይህን ስም ሰጡት፤ ባቡር ቤት ሄደች ከተባለ እህል ልታስፈጭ ሄደች ማለት ነው። የግራር አፋፍ ሰው ለሦስት ዓመት ማመልከቻ ሲያስገባ የኖረውም ለዚሁ ወፍጮ ነበር። ሁለት መቶ ሰው እጁን ያወጣው ለወፍጮ ነው። በዚያ ደጅ ላይ ሁለቱንም ባቡር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ እኔ። ሕዝቡ የባቡር መስመሩን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል ብዬ ጻፍኩ፤ ስጽፍም ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ መዝገቡ ደፍቼ ነበር።

ሦስተኛ፤ ቃልዎን ስለማያጥፉ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ማግስት በሜዳው መሀል «ለባቡር የተከለለ ቦታ» የሚል ሰሌዳ አስተከሉ። ሕዝቡ ሰሌዳውን ሲያይ ጊዜ አላባከነም፤ ሴቶቹ ለወፍጮ ቤቱ መሠረት የሚሆን ድንጋይ ከወንዙ እያመላለሱ ከሰሌዳው ሥር ከመሩ። ሞጣ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም የወፍጮውን ሞተር ልሰጣችሁ ዝግጁ ነኝ፣ ብቻ የቦታ ማረጋገጫ ደብዳቤ እስከ ግንቦት ሠላሳ አምጡ አላቸው፤ ካለፈ ሞተሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ደብዳቤውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤልና መሪጌታ አካለ ወልድ ማመልከቻውን ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ቦታው ለጣቢያ ቁጥር ሦስት የተያዘ ስለሆነ ወፍጮ ሊተከልበት አይችልም ብለው መለሷቸው። የወፍጮ ጥያቄያቸውም ከመዝገብ እንዲሰረዝ አዘዙ፤ ባቡር ተፈቅዶላችሁ ሳለ ደግሞ ወፍጮ ትላላችሁ ወይ ብለው። ሁለቱ አዛውንቶች በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ግራ ገብቷቸው ሲወጡ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ተነሥቼ አልተከተልኳቸውም።

አራተኛውን ቅሬታ በእርስዎ ላይ ልጽፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ በየት በኩል ባዞረው ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው የካቲት ለመስክ ሥራ ሞጣ ወርጄ፣ በአንድ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ እንደ ቀልድ አወራሁላቸው። የወይዘሮ ወለተ ገብርኤልን ድምፅ አስመስዬ፣ ነጠላ እንደሚያስተካክል ሰው እጄን ወደ ትከሻዬ ሰድጄ፣ ወረፋ ይበዛበት ይሆን ወይ ስል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ምግቡን ያመጣችው አየሁሽ የምትባል ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ሰሃኑን በቀስታ አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ የጠየቀችው እናቴ ናት፤ አሁንም እህሉን ተሸክማ ቢቸና ነው የምትወጣው» አለችኝና ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ የምመልሰው ነገር አላጣም ነበር። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍራለሁ። የማፍረው እንደ ባለሥልጣን በመግለጫ አይደለም፤ ፊቴን ስታጠብ አፍራለሁ፣ ሰው በስሜ ሲጠራኝ አፍራለሁ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤልን ራሳቸውን ከግራር አፋፍ ወደ ቢቸና በሚያወጣው አቀበት ላይ አገኘኋቸው። የተሸከሙትን ጤፍ ከድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ማንነቴን ሲያውቁ ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «የጣፍህልን አንተ ነህ አሉ፤ እጅህ ይባረክ፣ እንግዲህ መቼ ይመጣል?» አሉኝ። እሸከምልዎ ብዬ ስቀበላቸው የክብደቱን ነገር ያኔ አወቅሁት። ከመንገዱ ግማሽ ሳልደርስ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ላልተሠራ ባቡር ዳገት እንዳይበዛበት ሦስት ወር ሙሉ ኮረብታ ስዞር የከረምኩ ሰው፣ እኚህ ሴት በየሳምንቱ ይህን አቀበት በምን እንደሚወጡት አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉልበታቸው እያበጠ ነው፤ የሚመጣው ክረምት ጭቃውን ሲያመጣ ይህን መንገድ እህል ተሸክመው እንደማይዘልቁት እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቄያለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሰሌዳ ፊት ለሚቆም ሁሉ እንዲህ ብዬ አረጋግጣለሁ፦ በአዳራሹ የተሰቀለው ባነር ዕቅድ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ጣቢያ ቁጥር ሦስት የለም። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤውን እያወቅሁ ያጣመምኩትም እኔ ነኝ። የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ወንበሬ ላይ እገኛለሁ፤ ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁና ሌላ የምሠራው ነገር የለኝም። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቦታ ማረጋገጫ ደብዳቤውን ራሴ አርቅቄ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ አራት መስመር ናት፣ የጎደላት ማኅተምዎ ብቻ ነው። ባነሩን ባላነበቡት ፍጥነት ይህችንም ሳያነቡ ቢያትሙልኝ ቅር አይለኝም።

በሁለት ስብሰባዎች መካከል አንዲት ትርፍ ደቂቃ ይገኝልዎ ዘንድ ዘወትር የምጸልይ፣ በትጋትዎ የምደነቅ፣ በራሴ ግን ያፈርኩ፣

ታዛዥዎ
ቢያድግልኝ ሰማው

ግልባጭ፦
ለግራር አፋፍ ነዋሪዎች
ለወይዘሮ ወለተ ገብርኤል (ፊደል ስላልቆጠሩ እቤታቸው ሄጄ ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይህን ማንበብ ነው የሚያስፈራኝ)
ለባቡር ቁጥር አራት፣ ባለበት

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ በሜዳው ላይ የተከሉት ሰሌዳ ይነቀል ብዬ እንዳልጠየቅሁ ይወቁልኝ። መሪጌታ አካለ ወልድ ቆመው አንብበውት፣ ፊደሉም ምሥጢሩም አንዳች እንከን የለበትም ብለዋል። «ለባቡር የተከለለ ቦታ» ነው የሚለው፤ በግራር አፋፍ አማርኛ ሰሌዳው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እውነቱን ሲናገር ቆይቷል። ማንበብ ያቃተን እርስዎና እኔ ነን።