የኔሮ ሥራ

ብርኖ፣ ኦክቶበር 9

ውድ ሊብሼ፣

ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ መሰለኝ፤ ሳላስበው የውሻ ሥራ ስቀማ ሰንብቻለሁ። አክስቴ ያርሚላ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ የወደቀባትን ሁሉ የሚያነሳላት ውሻዋ ኔሮ ነው። እኔ ግን ማንኛውም ነገር ሲወድቅ ቀድሜው እዘላለሁ። ዛሬ ገበያ ውስጥ አንድ ጓንቷ ወደቀ። ኔሮ ንቅንቅ ሳይል እኔን አየኝ።

«ጌታው ዛሬ እረፍት ወጡ እንዴ?» አለ ጎመን ሻጩ ኔሮን እያየ።

«ሰነፍ ያደረገችብኝ ይቺ ናት!» አለች አክስቴ። «አንቺ ልጅ፣ እሁድ ስትሄጂ ማን ሊያነሳልኝ ነው?»

አፍሬ ፊቴን ወደ ጎመኑ አዞርኩ። «ኔሮ፣ አምጣ» አለችው። አላመጣም። ደግማ አዘዘችው። እኛ መንደር ቢሆን ለማንሳት ስንት ሰው ይሻማ ነበር! እዚህ ግን የተሰለፈው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀው። በመጨረሻ ጓንቱን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አነሳና ጭኗ ላይ አኖረላት። እንዴት እንደኮራ ብታይው! እሷም ኮራች።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽንና ትንሿን ማርታን ሳሚልኝ። ነገ ምንም ቢወድቅ እጄን ከኪሴ አላወጣም።

ዝላታ