ሮዝ ቦርሳዬን ይዞ የዘመተው

መርሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓሪፍ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እማ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ያቺ ክፉ ዶሮህም ደህና ናት። ያንተ ድምፅ ግን ወር ሙሉ ጠፋ። የኔን ሮዝ የትምህርት ቤት ቦርሳ ስንቅ ሞልተህበት ከወዶ ዘማቾቹ ጋር ስትወጣ «በሳምንት እመልሳለሁ» ብለህ ነበር። ደብተሬን እስከ ዛሬ በፌስታል ነው የምይዘው።

የዛሬውን ጉድ ልንገርህ። ገና ጎህ ሲቀድ ሼህ ሙሐመድዘይንና ጋሽ ሽፈራው ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃችን ላይ ቆሙ። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ ዶሮዋም ታውቃለች። እማ ላሟን እያለበች ነበር። ስታያቸው ማለቢያው ከእጇ ወደቀ።

«ልጄን ምን ሆነ ልትሉኝ ነው?» አለች።

ሼሁ ጋሽ ሽፈራውን አዩ፤ ጋሽ ሽፈራው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ኧረ ሁሪያ፣ ተረጋጊ» አሉ ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጅሽን ቶይባን ፈልገን ነው። የዘማቾቹን ታሪክ ትጻፍልን ብለን፣ ትምህርት ቤት ሳትሄድብን።»

እማ የፈሰሰው ወተት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ታሪክ ሊያስጽፉ ለአምስት መጥተው ወረቀት የያዘ አንድም የለም።

በኔው ደብተር ጀመርን። ጋሽ ሽፈራው «ሻለቃ ብለሽ ጻፊ» አሉ። አርባ ሦስት ሰውና አንድ አህያ ሻለቃ ይባላል ወይ ብላቸው፣ «አህያው ለብቻው ሃምሳ ነው» አሉኝ። የወጣችሁት ሐሙስ ነው ዓርብ ነው በሚለው ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ጋሽ ሽፈራው እስከ ሲሪንቃ ሸኝተዋችሁ እያነከሱ መመለሳቸውን ታውቅ የለ? «በሲሪንቃ ግንባር የቆሰሉ» ብለው ሊያስጽፉኝ ነው።

«ጋሼ፣ ያቆሰለዎት እኮ አዲሱ ጫማዎ ነው» አልኳቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን በከዘራ ያባርሩኝ ነበር። ዛሬ በአንድ እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። ሌላው እጃቸው ከጋቢው ስር አልወጣም። ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ።

ሐራ ላይ መንገድ መጠበቃችሁን፣ ወልዲያ መግባታችሁን፣ ወደ ቆቦ ማለፋችሁን ጽፌ ወደ ስሞቹ ደረስን። በየስሙ ጎን «የተመለሰ»፣ «ግንባር ያለ»፣ «የተሰዋ» ያስጽፉኛል። ያንተ ስም ላይ ስደርስ ጋሽ ሽፈራው ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ስሙን ጻፊው፣ ጎኑን ተይው» አሉ ሼሁ።

«ለምን?»

«ነገ እንመጣለን፣ ልጄ።»

ጋሽ ሽፈራው ሲነሱ ጋቢያቸው ገለጥ አለና ሮዝ ማንገቻ አየሁ። ለእማ አልነገርኳትም። በመርሳ ገበያ ሮዝ ቦርሳ ሞልቷል አይደል? የኔው ከሆነ ክዳኑ ስር በእስክሪብቶ የጻፍኩት ስሜ አለ። ክፈቱት አላልኩም።

ነገ ጎህ ሳይቀድ በሩን ከውስጥ እቀረቅራለሁ። የስምህን ጎን ባዶ ትቼልሃለሁ፤ መጥተህ በዚያ የዶሮ ጭረት በሚመስል ጽሕፈትህ ሙላው። ቦርሳዬንም ራስህ አምጣ፣ ከሌላ ሰው እጅ አልቀበልም።

እማ በየሶላቷ የምታደርገው ዱዓ ካለህበት ይድረስህ፤ አላህ ጥላ ይሁንህ።

ጎህ የምትፈራው እህትህ፣
ቶይባ