ሁለት ሰዓት ከሩብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛስ ደህና ነን እንዳልልህ፣ እማዬ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ወር አለፋት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሏል። ይህን በስልክ ነግሬሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ በስልክ መናገር ያቃተኝን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የበረራ አስተናጋጅ የጠበባትን የደንብ ልብስ ይዛ ወደ ስፌት ቤቴ መጣች። ወገቧን እየለካሁ ያለህበትን ከተማ ጠራሁላትና፣ "ወንድሜ እዚያ ነው። ሦስት አውሮፕላን እየቀየረ ሁለት ቀን ሙሉ ስለሚፈጅበት ነው እንጂ ይመጣ ነበር" አልኳት።

ሳቀች። "ማነው እንዲህ ያለሽ? ዛሬ ጠዋት ከዚያ ነው የመጣሁት። በቀጥታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው።"

"ሌላ ከተማ ይሆናል" ብዬ ድርቅ አልኩባት። ሰባት ዓመት ሙሉ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ጠበቃህ ሆኜ የኖርኩ ሰው፣ ወዲያው እንዴት ልመን? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ለምን ይዋሸኛል?

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችንን እማዬ ዘንድ አስቀምጬ፣ "ጨርቅ ልገዛ ነው" ብዬ በማለዳ ወጣሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። የሰጡኝን ሻይ ሳልጨርስ "ቀበቶ እሰሩ" ተባለ። አድራሻህን ይዤ እየጠየቅኩ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከምትሠራበት መነጽር ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር።

በመስታወቱ አየሁህ። ወፍረሃል፤ ያምርብሃል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ አገጫቸውን ደገፍ አድርገህ መነጽር ትለካላቸው ነበር። ሮጬ ልገባ እግሬን አንስቼ ተውኩት። ደወልኩልህ። ስልኩን እያነሳህ፣ "አንዴ ይቅርታ፣ እናቴ" ስትላቸው ሰማሁ።

"እትዬ! እማዬ እንዴት ናት?"

"ትጠይቅሃለች። ለአንድ ቀን እንኳ ብቅ ብትል?"

"ምን ላድርግ እትዬ፣ መንገዱን ታውቂው የለ? ሁለት ቀን እኮ ነው! ቅርብ ቢሆን በእግሬም እመጣ ነበር።"

ድምፅህ አንጀት ይበላል። ፊትህ ግን ምንም አልሆነም። ስልኩን ዘግተህ ወደ ሴትየዋ ተመለስክ፤ የሆነ ነገር አልካቸውና አብራችሁ ሳቃችሁ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ታመህ ወይ ተቸግረህ ባገኝህ ይሻለኝ ነበር። ምንም አልጎደለህም። ሳልጠራህ ተመለስኩ።

እማዬ ባዶ እጄን ስታየኝ፣ "ጨርቁስ?" አለች። እንባዬ ቀደመኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "አውቃለሁ" አለች። ከሄድክ በሁለተኛው ዓመት ሰው ነግሯት ኖሯል።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"እንዳትጠይው ብዬ ነዋ! እኔ ሳልፍ ከእሱ ሌላ ማን አለሽ?"

ለካ በገዛ ቤቴ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን ሳበጥርላት ታረቅን። ካንተ ጋር ግን ገና ነኝ።

ና ብዬ አልለምንህም። ከመጣህ ቤትህ ነው። ካልመጣህም ስለ መንገድ ርቀት አታውራኝ። "አልፈልግም" በለኝ፤ እሱን እችለዋለሁ።

እማዬ፣ "ጤናውን ይስጠው፣ ክፉ አይንካው በይልኝ" ብላሃለች። ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። እኔም ልመርቅህ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር፤ ዛሬ እምቢ አለኝ።

እህትህ